በሩ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው?

ገንዘብ ከፍሎ ትኬት መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በተከፈለበት ቦታ ገብቶ ማረፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ስም የለውም። ሰውየው መንገደኛ ነው እንዳይባል ገና አልተነሣም፤ የቤት ሰው ነው እንዳይባል ደጁን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ ወጥቷል። የሚሠራው ሥራ ቢኖር ጓዙን እግሩ ሥር አኑሮ የተዘጋውን በር ማየት፥ ከዚያም ሰዓቱን ማየት፥ እንደገናም በሩን ማየት ነው።

ስለዚህ ስም ስለሌለው ጊዜ ለመጻፍ ጥቂት መብት ያለኝ ይመስለኛል፤ የምኖረውም የማስተምረውም አቃቂ ቃሊቲ ነውና። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ይህ ሰፈራችን በፋብሪካዎቹ የታወቀ ነው ይባላል። እኔ ግን ከፋብሪካው ይልቅ በመጠበቅ ሊታወቅ ይገባዋል እላለሁ። በጉምሩኩ ዙሪያ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው የመጡ ከባድ መኪናዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ሾፌሮቹ ከጎማው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ያፈላሉ። በመናኸሪያው ደግሞ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ መስመር የሚሄደው ሕዝብ ጎሕ ሳይቀድ ደርሶ ይቆማል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ አያቸዋለሁ፤ ጆንያ የታቀፈች እናት፥ አዲስ ቦርሳ በጀርባው ያዘለ ተማሪ፥ ሹመቱን ወይም ዝውውሩን የሚገልጽ ደብዳቤ በኪሱ የያዘ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ። ረዳቱ "ገና ነው፥ ቆዩ!" ይላል። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ግን የሚጠይቀውም የሚመልሰውም የለም።

ነገሩን በደንብ እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ተማሪዬ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለ አንድ የሽርሽር መርከብ የሚናገር ምንባብ እናነብ ነበር። በምንባቡ ውስጥ ተሳፋሪዎቹ ከቀትር በፊት መርከቧ ላይ ይወጣሉ፤ ወደየመኝታ ክፍላቸው፥ ማለት ወደ ካቢናቸው፥ እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው ግን ከምሳ በኋላ ነው። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፥ "መምህር፥ ከፍለው የለም እንዴ? ታዲያ ማን ነው የሚከለክላቸው?" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም፤ መልሱንም በሚቀጥለው ቀን ይዤ እንደምመጣ ነገርኩት።

መልሱ እንዲህ ነው። የሽርሽር መርከብ የሚሉት ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 መጀመሪያ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረችው "አይከን ኦቭ ዘ ሲስ" የተባለችው ግዙፍ መርከብ 2,805 የተሳፋሪ መኝታ ክፍሎች አሏት፤ አልጋዋ ሁሉ ሲሞላ እስከ 7,600 ሰው ትይዛለች። እንዲህ ያለች መርከብ ወደብ ላይ ተቀምጣ አታድርም፤ ቆማ የዋለችበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነውና። ስለዚህ አንዱ ጉዞ ባለቀበት ቀን ሌላው ይጀምራል። ትናንት ማታ በአንዱ አልጋ የተኛው ሰው ዛሬ ጠዋት ይወርዳል፤ ዛሬ ማታ በዚያው አልጋ የሚተኛው ደግሞ ሻንጣውን እየጎተተ ወደቡ ላይ ደርሷል።

በእኛ ሰዓት ብንቆጥረው፥ የቀድሞዎቹ መንገደኞች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይወርዳሉ። አዲሶቹ ከ5 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ይወጣሉ። የካቢኑ በር የሚከፈትላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መርከቧ ወደቡን የምትለቀው ከ10 ሰዓት ወዲህ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የጽዳት ሠራተኞች ነው። አንድ የክፍል አስተናጋጅ ከአሥር የሚበልጡ ክፍሎች ይደርሱታል፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንሶላ ይለውጣል፥ መታጠቢያ ቤቱን ያጥባል፥ ፎጣ ያጥፋል፥ ወለሉን ይጠርጋል፥ የተረሳ ዕቃ እንዳለ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ያያል። ያ ልጅ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ ሒሳቡን ሠራው፤ 2,805 ክፍል በሦስት ሰዓት ውስጥ ማለት በየደቂቃው ከ15 ክፍል በላይ ማለት ነው። ሒሳቡን ከጨረሰ በኋላ ጠመኔውን ይዞ ጥቂት ቆመና፥ "እንግዲያስ የከለከላቸው ሰው የለም፤ ክፍሉ ገና የእነሱ አልሆነም" አለ። ለዚህ መልስ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

የመርከቡ ሰዎች ለሚጠብቀው እንግዳ ምን ያደርጉለታል? መመገቢያ አዳራሹን ይከፍቱለታል፥ መቀመጫ ይሰጡታል። ትልቁን ሻንጣ ወደብ ላይ ተቀብለው የክፍሉን ቁጥር ይለጥፉበታል፤ ሻንጣው ከቀትር በኋላ ወይም ወደ ማታ ከካቢኑ ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ ልምድ ያለው መንገደኛ መድኃኒቱን፥ ወረቀቶቹንና የሚቀይረውን ልብስ በትንሽ ቦርሳ ለይቶ በእጁ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገረዋል። 7 ሰዓት ተኩል ከተባለ ሰውየው እስከ 7 ሰዓት ተኩል በልቶ፥ ጠጥቶ፥ ባሕሩን አይቶ ይቆያል። ሰዓቱ የታወቀ መጠበቅ ዕረፍት ነው ለማለት እደፍራለሁ።

በመርከብ ላይ የመሳፈሪያው ቀን የሰዓት ሥርዓት የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 "ኮስታ ኮንኮርዲያ" የተባለችው መርከብ በጣሊያን አገር ከጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ዘምበል አለች፤ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ተሳፋሪዎች የአደጋ ጊዜ ልምምድ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያደርጉ ይፈቅድ ነበር። በዚያው ቀን ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት ሰዎች ታዲያ ልምምዱ ገና ሳይደርሳቸው አደጋው ቀደማቸው። ከ2015 ጀምሮ ሕጉ ተለውጧል፤ ልምምዱ መርከቧ ሳትነሣ ወይም እንደተነሣች ወዲያው መደረግ አለበት። ዛሬ ካቢኑ እንደተከፈተለት አልጋው ላይ ጋደም ሊል የሚሻው መንገደኛ ተነሥቶ የመሰብሰቢያ ቦታውን እንዲያይ የሚገደደው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያጉረመርሙ አሉ። እኔ በበኩሌ የሚያጉረመርሙትን አላዝንላቸውም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ፥ "ባሕር በሌለው አገር ስለ መርከብ ምን አወራህ?" የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም፤ ከተማሪዎቼም መካከል መርከብ በዓይኑ ያየ የለም። ነገር ግን ወደ ሩቅ ዘመን ብንመለስ አቃቂ ራሷ ወደብ የሆነችበት ጊዜ ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቆመ፤ ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1915 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917። እንግዲህ ለሁለት ዓመት ያህል መንገዱ እዚህ አልቆ ነበር ማለት ነው። ከማርሴይ በመርከብ ተነሥቶ በስዊዝ በኩል አልፎ፥ ጅቡቲ ላይ ከካቢኑ ወርዶ በባቡር የመጣ ሰው አቃቂ ላይ ይወርድና የቀረውን 23 ኪሎ ሜትር ያለ ባቡር ይጓዝ ነበር። ዋና ከተማው በቅርብ እያለ ጓዙ ላይ ተቀምጦ መጓጓዣ የጠበቀ ሰው ብዛት ቢቆጠር አቃቂ በመጠበቅ ታውቃለች ማለቴ ቀልድ ብቻ አለመሆኑ በታወቀ ነበር።

ያ ባቡር በመጀመሪያው ዘመን አልጋ አልነበረውም። የሚጓዘው ቀን ቀን ብቻ ነበርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሌሊቱን መንገደኞች በድሬዳዋና በአዋሽ ወርደው በየሆቴሉ ያድሩ ነበር። ነገሩን አስተውሉት። በመርከብ የመጣው ሰው አንድ ጊዜ ካቢኑን ከያዘ እስከ መጨረሻው የእርሱ ነው፤ በእኛ ባቡር ግን ሰው በየምሽቱ እንደ አዲስ መንገደኛ ይሆናል፤ በየምሽቱ የአንድ ክፍል በር እስኪከፈትለት ይጠብቃል። በጣናም እንዲሁ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትሄደው ጀልባ ለብዙ ዓመታት ቁንዝላ ላይ ታድር ነበር፤ መንገደኛውም ወርዶ ማደሪያ ይፈልግ ነበር። በእኛ አገር መጓጓዣው ይወስድሃል እንጂ አያሳድርህም፤ የማደሪያው ነገር የራስህ ዕዳ ነው።

በዕድሜ የገፉ አንድ የአቃቂ ጎረቤቴ ስለ ሦስተኛው ማዕረግ ሲያጫውቱኝ፥ "በር እስኪከፈት የሚጠብቅ ሞኝ ነበር" ይላሉ። ጋቢያቸውን በመስኮት ወደ ውስጥ ወርውረው አግዳሚው ላይ ያሳርፉታል፤ ጋቢው የተቀመጠበት ቦታ ተይዟል ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ገብተው ሲያዩ ጋቢው አለ፥ ሰውም ጋቢው ላይ ተቀምጧል። "ጋቢው የእኔ ነው" ቢሉት፥ "ጋቢውን ውሰደው፥ አግዳሚው ግን የኩባንያው ነው" አላቸው። እስከ ሞጆ ቆመው ሄዱ። ይህን ሲነግሩኝ አሁንም ይናደዳሉ፤ እኔ ግን ሰውየው ሕግ የተማረ ይመስለኛል።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ መሄዱን ካቆመ ወደ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው። አዲሱ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የጅቡቲ ባቡር፥ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣቢያውም ከእኛ በስተምዕራብ ለቡ ላይ ነው። በዚህኛው መኝታ ያላቸው ፉርጎዎች አሉ። መኝታ ባለበት ባቡር ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አልጋዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በተደራረቡበት ክፍል የታችኛው አልጋ ቀን ቀን የሁሉም መቀመጫ መሆኑ በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ የታችኛውን የገዛ ሰው ከገባም በኋላ አልጋው የራሱ የሚሆነው ሲመሽ ነው። መግባትና ማረፍ እንግዲህ በአንድ ፉርጎ ውስጥ እንኳ ሁለት ናቸው።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ኮሌጅ በገባሁበት ቀን፥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣሁበት አውቶቡስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አደረሰኝ። የመግቢያ ደብዳቤ አለኝ፤ ብርድ ልብስ፥ አንሶላ፥ ሁለት ኪሎ በሶ፥ እናቴ ጠቅልላ የሰጠችኝ በርበሬ አለኝ። ዘበኛው ደብዳቤዬን አይቶ በትሕትና፥ "እንኳን ደኅና መጣህ፤ ዶርም ግን ስምህ ሲለጠፍ ነው" አለኝ። መቼ ይለጠፋል? "ሲለጠፍ ታየዋለህ።" ወደ ሁለት መቶ የምንሆን ልጆች በሣሩ ላይ ጓዛችንን ይዘን ተቀመጥን። ከገጠር የመጡ፥ ከተማ ሲያዩ የመጀመሪያቸው የሆኑ ነበሩ። ከአጠገቤ የነበረች አንዲት ልጅ ከሩቅ አገር ለሁለት ቀን ተጉዛ መጥታ ነበር፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ጓዟን ለማን እንደምትተው እየፈራች እስከ ምሽት አልተነሣችም። ኋላ ቀስ ብላ፥ "አንተ፥ ታማኝ ነህ?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ወረቀቱ የተለጠፈው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ መብራት አልነበረምና ስማችንን በስልክ ብርሃን ፈለግን።

ክፍሎቹ ያልተከፈቱት ሰው ክፉ ሆኖ እንዳልነበረ ዛሬ ይገባኛል። ወለሉ እየታጠበ፥ የተሰበረ አልጋ እየተጠገነ ይሆናል። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ወጥቶ፥ "ልጆች፥ እስከ 2 ሰዓት አይሆንም፤ ጓዛችሁን በዚህ አዳራሽ አስቀምጣችሁ እራት ብሉ" ቢለን ኖሮ፥ ያቺ ልጅ አምስት ሰዓት ሙሉ ጓዟን እንደ ሕፃን ታቅፋ ባልተቀመጠች ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ወረቀትና አንድ ሙጫ ነው።

ሰዓት ሲነገርም ቢሆን በእኛ አገር አንድ የተለየ ችግር አለብን። ሆቴሎች የእንግዳ መግቢያ ሰዓታቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር "2:00" ብለው ይጽፋሉ። በእኛ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ከክልል ለስብሰባ የተላከ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ይህን አንብቦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ክፍሉን ሲጠይቅ ቆጥራችሁ እንደምትደርሱበት ስድስት ሰዓት መጠበቅ ነበረበት። ስብሰባው የተጀመረው 3 ሰዓት ላይ ስለ ነበር ሻንጣውን እየጎተተ አዳራሹ ገባ፤ እስከ ዛሬ በመሥሪያ ቤቱ "ባለ ሻንጣው" ይሉታል። ለወጣት ሠራተኞች የምመክረው ይህን ነው፤ ትኬትም ሆነ የሆቴል ወረቀት ስትቀበሉ "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ፤ ስለ በሩ ማዶ ያስተማረችኝ እርሷ ናትና። አክስቴ ከአቃቂ ብዙ በማይርቅ፥ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለዘጠኝ ዓመት ክፍል አጽድታለች፤ ያቆመችው ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው። እንግዳው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ አዲሱ 8 ሰዓት ላይ ይገባል። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ እርሷና አንዲት ጓደኛዋ 14 ክፍል ማድረስ ነበረባቸው። ቅዳሜና እሑድ ሠርገኛ ያደረበት ክፍል ሲሆን፥ ከምንጣፉ ላይ የተረገጠ ኬክ ለመፋቅ ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። "ደጁ ላይ የቆመውን ሰው ድምፅ እሰማለሁ" ትላለች። "ሲረግም እሰማለሁ። እኔን መሆኑን አያውቅም፤ በሩን ነው የሚረግመው።"

አንድ ቅዳሜ ሁለት እንግዶች ሰዓቱ ሳይደርስ መጡ። በመጀመሪያ የመጣችው ሕፃን ያዘለች ሴት ናት፤ ባሏ ከመኪና ወርዶ ዕቃ እያወረደ ነበር፤ ሕፃኑ ትኩሳት ነበረው። ኋላ የመጣው ደግሞ አንድ ጌታ ነው። ለተቆጣጣሪው እጁን ሲጨብጥ እጁ ውስጥ ምን እንደነበረ አክስቴ አላየችም፤ ተቆጣጣሪው ግን ወዲያው ወጥቶ፥ "ቁጥር 9ን ቅድሚያ ስጪ" አላት። ትእዛዝ ነውና ቁጥር 9ን አጸዳች። ከጨረሰች በኋላ ግን አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበትን ጠባብ ክፍል ከፈተች፤ ንጹሕ አንሶላ መደርደሪያው ላይ አንጥፋ ሴትየዋን ጠርታ ሕፃኑን አስተኛችው። እንግዳ ሊገባበት በማይፈቀድ ክፍል እንግዳ በማስገባቷ የአንድ ቀን ደመወዝ ተቆረጠባት።

ይህን ታሪክ በነገረችኝ ጊዜ በጣም ተናድጄ፥ "ለምን አልተከራከርሽም?" አልኋት። "ልጄ፥ ክርክሩን ብጀምር የቀሩትን ክፍሎች ማን ይጨርስልኛል? ደጅ የቆሙ ሌሎችም ነበሩ እኮ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በር ላይ ተጋፍቶ የሚገባ ሰው ሳይ የማየው በሁለት ዓይን ነው። ተራዬን ስለ ነጠቀኝ ብቻ አይደለም የምቀየመው፤ ከበሩ ወዲያ ያለችውን ሴት ሥራዋን ጥላ ወደ እርሱ ክፍል እንድትሮጥ ስለሚያደርጋት ጭምር ነው። በኪሱ ገንዘብ ያለው መንገደኛ ይህን ነገር እንደ ብልኀት ይቆጥረዋል፤ ለጓደኞቹም እያወራ ይስቃል። ሁለት ሰዓት ቢቀድም ያተረፈው አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ማየት ነው። በሌላው ወገን ያለውን ኪሳራ የሚቆጥርለት ግን የለም።

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ አክስቴን ይዤ ሐዋሳ ሄጄ ነበር። በጠዋት ከቃሊቲ ተነሥተን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደረስን። ጸሐፊው ስማችንን መዝገቡ ላይ አገኘና፥ "ክፍላችሁ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ሻንጣችሁን እኔ ዘንድ አኑሩና ግቢው ውስጥ አረፍ በሉ" አለን። የአክስቴ ጉልበት በመንገዱ አብጦ ነበር። ልለምነው ብዬ ወደ እርሱ ስመለስ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው። ሰዓቱን ነግሮናል፤ መቀመጫም ሰጥቶናል" አለችኝ።

"እትዬ፥ እግርሽ እኮ..."

"እግሬን እዚያ ወንበር ላይ እሰቅለዋለሁ። ሻይ እዘዝልኝ።"

ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እኔ ስልኬን አወጣሁ፤ እርሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ የሁለተኛውን ፎቅ መስኮቶች ታያለች። አንድ መስኮት ይከፈታል፤ ብርድ ልብስ ወጥቶ ይራገፋል፤ ጥቂት ቆይቶ መስኮቱ ይዘጋል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይከፈታል። ብዙ ሳይቆይ ነገሩ ገባኝ፤ ትቆጥር ነበር።

"ልጅቷ ብቻዋን ናት" አለችኝ። "ከግራ ነው የጀመረችው። ጎበዝ ናት፤ ብርድ ልብሱን ታራግፋለች፤ ብዙዎቹ አያራግፉም።"

ሻዩ መጣ። ሁለተኛውንም ደገመች። ሠርጉ ላይ ማን ይመጣል፥ ማን ይቀራል እያልን አወራን፤ ዓይኗ ግን ከመስኮቱ አልተለየም። አንድ ክፍል ላይ ልጅቷ ቆየች፤ መስኮቱ ተከፍቶ ሳይዘጋ ብዙ ደቂቃ አለፈ። አክስቴ እንደ ታመመ ሰው ፊቷን አኮማተረች። "አንድ ነገር ፈሶ አግኝታለች" አለች። ኋላ መስኮቱ ሲዘጋ እፎይ ብላ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ወደ 8 ሰዓት ሲቃረብ፥ "ስንት ቀራት?" ብዬ ጠየቅኋት።

"የእኛው ብቻ። አሁን መታጠቢያ ቤቱ ላይ ናት፤ መጨረሻ ላይ ነው የምታደርገው፥ እንደ እኔ።" ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና እግሯን ከወንበሩ አወረደች። ከቀሚሷ ኪስ የታጠፈ ሃምሳ ብር አውጥታ በመዳፏ ያዘች። "ተነሥ፥ ሻንጣውን አምጣ።"

ጸሐፊው ቁልፉን ይዞ ብቅ ሲል እኛ ከደረጃው ሥር ደርሰን፥ ባልዲና መጥረጊያ ይዛ የምትወርደውን ልጅ ለማሳለፍ ወደ ግድግዳው ተጠግተን ቆመን ነበር።